የአዋቂ ታካሚ ቫይታል ሳይን፦ አለካኩና አነባበቡ

አንድ የዎርድ ቻርት ገልጣችሁ የትንፋሽ መስመሩን ብቻ እዩት። 20፣ 20፣ 20፣ 22፣ 20። ሳንባ ምች የያዘውም፣ ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም፣ ልቡ የደከመውም እኩል ይተነፍሳሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቻርት ስለ ታካሚዎቹ የሚነግረን ነገር የለም፤ ትንፋሽ እንዳልተቆጠረ ብቻ ነው የሚነግረን። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ የሰው ሁኔታ መበላሸት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሽ ነውና። ይህ መመሪያ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አዋቂ ታካሚ ለሚከታተሉ ነርሶችና ለተግባር ልምምድ ዎርድ ለሚወጡ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ቫይታል ሳይን የምንለው ሙቀትን፣ የልብ ምትን፣ ትንፋሽን፣ የኦክስጅን መጠንንና ደም ግፊትን ነው። ሙቀት ላይ ብዙ አንቆይም። ትንፋሽና ደም ግፊት ላይ ግን ረጋ እንላለን፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነው።

ትሪው ላይ ምን ይኑር?

ቴርሞሜትር፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ስቴቶስኮፕ፣ የደም ግፊት መለኪያ ከመካከለኛና ከትልቅ ካፍ (ክንድ ላይ ከሚታሰረው የሚነፋ ጨርቅ) ጋር፣ ፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ)፣ 70 በመቶ አልኮል የነካ ጥጥ፣ ቻርትና ብዕር። የስልክ ሰዓትም ይሠራል፤ ሰከንዱን እያያችሁ ደረትም ማየት እንድትችሉ ከታካሚው ጎን አስቀምጡት።

ዙር ከመጀመራችሁ በፊት መሣሪያውን ፈትሹ። የሜትሩ መርፌ ካፉ ባዶ ሆኖ ሳለ ዜሮ ላይ መቆም አለበት፤ 6 ወይም 8 ላይ ከቆመ የዚያን ቀን ልኬት ሁሉ ያበላሻል። ካፉን አንድ ጠርሙስ ላይ ጠቅልላችሁ ቫልቩን ዝጉና እስከ 200 ንፉ። መርፌው ዓይናችሁ እያየ ከወረደ ጎማው ወይም ቫልቩ ያስተነፍሳል። መርፌ ያለው መለኪያ በየ6 ወሩ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር መመሳከር ይገባዋል። ከወደቀ ደግሞ 6 ወር አይጠበቅም። ኦክሲሜትሩን በራሳችሁ ጣት ሞክሩ።

የሜርኩሪ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ወዲህ ከአገልግሎት እየወጣ ነው፤ ሆኖም በየመሳቢያው አሁንም አይጠፋም። ከተሰበረ በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ይበታተናል። ጓንት አድርጋችሁ በጠንካራ ወረቀት ሰብስቡትና ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ መስኮትም ክፈቱ።

አልጋው አጠገብ፦ ከመለካት በፊት

መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታው ራሱም ምርመራ ነው። «ኦቦ፣ እንዴት አደሩ?» ወይም «አዴ፣ ዛሬስ እንዴት ነዎት?» ስትሉ የሚመጣው መልስ ታካሚው ንቁ መሆኑን፣ ግራ አለመጋባቱን፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር መቻሉን ያሳያል። በሁለት ቃል መሃል አየር የሚስብ ሰው ገና ምንም ሳትለኩ አሳሳቢ ነው።

ቀጥላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው 30 ደቂቃ ውስጥ ቡና ጠጥተዋል? ሲጋራስ? ጫትስ ቅመዋል? ሽንትዎ መጥቷል? ጅማ ላይ ቡናንና ጫትን ሳይጠይቁ ደም ግፊት መለካት ከንቱ ድካም ነው። የጫት ጉዳይ በተለይ እንደ ቡናው በ30 ደቂቃ አይበርድም፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ አድርጎ ሊያቆይ ይችላል። ከበርጫ ተነስቶ ለቀጠሮ የመጣ ሰው 152/96 ቢያሳይ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን «የደም ግፊት በሽታ አለብዎት» ለማለት አይበቃም። ስትጠይቁ ድምፃችሁ ውስጥ ወቀሳ እንዳይኖር፤ የተወቀሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ «አልቃምኩም» ይላል፣ እናንተም መድኃኒት የማያስፈልገውን ሰው መድኃኒት ታስጀምራላችሁ። መቃሙን ከልኬቱ ጎን ጻፉና ሳይቅም በሌላ ቀን እንዲመለስ ንገሩት።

ቅደም ተከተሉ ጊዜ ይቆጥባል። ቴርሞሜትሩን ብብት ውስጥ አስገቡ፣ ኦክሲሜትሩን በአንድ እጅ ጣት ላይ አድርጉ፣ የሌላውን እጅ አንጓ ይዛችሁ የልብ ምት ቁጠሩ፣ እጁን ሳትለቁ ትንፋሽ ቁጠሩ፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩን አንብቡ። ደም ግፊት መጨረሻ ይሁን፤ ካፍ ክንድን ሲጨምቅ ሰው ይረበሻል፣ ምቱም ትንፋሹም ይለወጣል። ኦክሲሜትርና ካፍ አንድ ክንድ ላይ አይዋሉ፦ ካፉ ሲነፋ ጣት ደም ያጣና ኦክሲሜትሩ ያለምክንያት ይጮኻል። ሲለመድ ጠቅላላው ለአንድ ታካሚ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳል።

ሙቀት

ብብት ላብ ካለው በጨርቅ እየነካችሁ አድርቁ፤ አትሹት፣ ማሸት ያሞቀዋል። ጫፉ የብብት መሃል ላይ ገብቶ ቆዳ በሁሉም በኩል ይንካው፣ ክንዱ ደረት ላይ ይታጠፍ። ዲጂታሉ እስኪጮህ ይቆያል። የሜርኩሪው ከሆነ መጀመሪያ ከ35 በታች እስኪወርድ ይራገፋል፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከሲታ ሰው ላይ የብብቱ ጉድጓድ ስለሚሰፋ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ 35.4 ሊያነብ ይችላል፤ ክንዱን ራሳችሁ ደግፋችሁ ያዙ።

የአፍ ልኬት ከብብት በ0.5 ገደማ ይበልጣል፤ የፊንጢጣ ደግሞ ከአፍ በሌላ 0.5። ስለዚህ የት እንደተለካ ያልተጻፈበት 37.6 ግማሽ መረጃ ነው። በአፍ የምትለኩ ከሆነ አስታማሚ ያመጣው ትኩስ ሻይ ከተጠጣ 15 ደቂቃ ቢያንስ ይለፍ። ግንባር ላይ የሚደገነው መለኪያ ለልየታ እንጂ ለአልጋ ታካሚ ክትትል አይመከርም። ክረምት ላይ ዝናብ መትቶት የገባ ሰው ግንባሩ ቀዝቅዞ ውስጡ 39 ሊሆን ይችላል።

በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው፤ ከ35 በታች ደግሞ አደገኛ ቅዝቃዜ ነው። አረጋዊ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ሙቀቱ ላይወጣ፣ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል፤ «ትኩሳት የለውም» ማለት «ኢንፌክሽን የለውም» ማለት አይደለም። የሰው ሙቀት ንጋት ላይ ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ከ0.5 እስከ 1 ዲግሪ ይደርሳል። የጠዋቱ 37.1 ማታ 37.7 ከሆነ ጠዋት ላይ ደህና ነበር ብላችሁ አትለፉት። ትኩሳት ማውረጃ ከመስጠታችሁ በፊት ለኩ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ድገሙ።

የልብ ምት

ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ይረፉ። አውራ ጣታችሁን አትጠቀሙ፤ የራሱ ምት ስላለው የራሳችሁን ትቆጥራላችሁ። አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ ቧንቧው ይዘጋል። ምቱ ወጥ ከሆነ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ፤ ከተዛባ፣ በጣም ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ሙሉ 60 ሰከንድ።

ከኦክሲሜትሩ ላይ ምትን ገልብጦ መጻፍ የተለመደ አቋራጭ ነው። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማሽኑ ምቱ ቀጭን መሆኑን፣ መዝለሉን፣ ወይም የታካሚው እጅ ቀዝቃዛና ላብ የነካው መሆኑን አይነግራችሁም። ይህን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው።

የአዋቂ መደበኛ ምት ከ60 እስከ 100 ነው። ዕድሜ ልኩን ዳገት ሲወጣ የኖረ የዴዶ ገበሬ 54 ቢመታ፣ ሰውየውም ደህና ከሆነ፣ አትደንግጡ። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ምትም በ10 ገደማ ይጨምራል፤ ይህችን ስሌት ያዟት። 39.5 ትኩሳት ኖሮት ምቱ 78 ብቻ የሆነ ሰው ያልተመጣጠነ ነገር አለው፤ የአንጀት ተስቦ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ ምት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም እንዲሁ። በተቃራኒው ሙቀቱ 37.2 ሆኖ ምቱ 124 የሆነ ሰው ትኩሳት አያመካኝም፦ ደም መፍሰስን፣ የፈሳሽ እጥረትን፣ ሕመምን፣ የልብ ችግርን አስቡ።

ምቱ ዝግ ብሎ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ፣ ደረቱ የሚንኮራኮር ሰው ከመጣ የማሳ ፀረ ተባይ ኬሚካል መመረዝ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ማርከሻው አትሮፒን ሲጀመር ምትና ደም ግፊት በየ5 ደቂቃው ይለካሉ፤ የሚፈለገው ደረቱ እንዲጠራ፣ ምቱ ከ80 በላይ፣ የላይኛው ግፊትም ከ80 በላይ እንዲሆን ነው።

በቶንሲል ሳቢያ የልብ ቫልቭ የተጎዳባቸው ታካሚዎች እኛ ዘንድ ብዙ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ምት ፍጹም ሥርዓት የለውም። እነዚህን በአንጓ ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ደካማው ምት እጅ ድረስ አይደርስም። ስቴቶስኮፑን በግራ በኩል በአምስተኛውና በስድስተኛው የጎድን አጥንት መካከል፣ ከአንገት አጥንት መሃል ቀጥ ብሎ ሲወረድ በሚገኘው ቦታ ላይ አድርጉ። ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ልብ ላይ፣ ሌላው አንጓ ላይ ለ60 ሰከንድ ይቁጠሩ። 112 በልብ፣ 88 በአንጓ ከሆነ ልዩነቱ 24 ነው፤ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ልብ ላይ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይያዝና ለሐኪም ይነገር።

ትንፋሽ

ትንፋሽ ከሌሎቹ የሚለየው ሰው ሊያዝዘው ስለሚችል ነው። «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ካላችሁ ያለቀ ነገር ነው፤ ወይ ይረጋል ወይ ይፈጥናል። ምት ቆጥራችሁ ስትጨርሱ እጁን አትልቀቁ። ጣታችሁ አንጓው ላይ እንዳለ የታካሚውን እጅ በሆዱ የላይኛ ክፍል ላይ አሳርፉት፤ ከዚያ እጁ ሲነሳና ሲወርድ ቁጠሩ። መነሳትና መውረድ ተደምረው አንድ ናቸው። በጋቢ ወይም በሰፊ ልብስ የተሸፈነን ሰው መግለጥ ሳያስፈልግ ይህ ዘዴ ይሠራል፤ እንድትነኳቸው በማይፈቅዱ እናቶች ዘንድም ትከሻን ማየት ብቻ ይበቃል።

ሙሉ 60 ሰከንድ። እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 የሚያባዛ ሰው አንዲት ትንፋሽ ቢስት 4 ይስታል፦ 18 የነበረው 22 ይሆናል፣ 24 የነበረው 20። አዋቂ ሰው በ15 ሰከንድ የሚተነፍሰው 4 ወይም 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ አይሰጥም። በ15 ሰከንድ የተቆጠረ ትንፋሽ 16፣ 20 ወይም 24 እንጂ 17 ወይም 23 ሊሆን አይችልም፤ ቻርት ላይ ጎዶሎ ቁጥር ጨርሶ ከጠፋ ምን እየተደረገ እንደሆነ ማወቅ አያስቸግርም።

ቁጥሩ እየተቆጠረ ሳለ ሌላም እዩ። የአንገት ጡንቻ እየተሳበ ነው? አፍንጫ ይነፋል? የሁለቱ ደረት ጎኖች እኩል ይነሳሉ? ታካሚው ተጋድሞ መተኛት አቅቶት በትራስ ተደግፏል? ስንት ትራስ? እነዚህን ከቁጥሩ ጎን በአንድ ቃል አስፍሩ።

መደበኛው ከ12 እስከ 20 ነው። 21 እስከ 24 ማስጠንቀቂያ፣ 25 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ብቻውን ሐኪም የሚያስጠራ ቁጥር ነው። ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ ሳንባው ሲደመጥ ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ደሙ አሲድ መሆኑን አስቡ፤ ያልታከመ ስኳርና የኩላሊት መድከም ዋናዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ ነፍስ ያስከፍላል፤ የደም ስኳር ወዲያው ይለካ። እየጨመረ ሄዶ፣ እየቀነሰ መጥቶ፣ ጥቂት ቆሞ እንደገና የሚጀምር ትንፋሽ በከባድ የልብ ድካምና በጭንቅላት ጉዳት ይታያል።

ዝግታም አደጋ ነው። እንደ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን ያለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ከተሰጠ በኋላ ትንፋሽ ከ12 ከወረደ ቀስቅሱት፣ አጠገቡ ሁኑ፤ 8 እና ከዚያ በታች ድንገተኛ ነው። ለከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ማግኒዥየም ሰልፌት የሚወስዱ እናቶች ቀጣዩን መጠን ከመውሰዳቸው በፊት ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ ትንፋሽ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ምላሽ (ጉልበት ሥር ሲመታ እግር መወርወሩ) መኖሩ፣ ሽንትም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር። እዚህ ቦታ ላይ ያልተቆጠረ «20» መጻፍ መድኃኒቱን ወደ መርዝነት ሊለውጠው ይችላል።

የኦክስጅን መጠን

መማሪያ መጻሕፍት መደበኛው ከ95 እስከ 100 በመቶ ነው ይላሉ፤ የተጻፉት ግን ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ። ስለዚህ ጤነኛ ሰው እዚህ 94 ወይም 95 ቢያሳይ አያስገርምም። ይህ ግን 90ንም እንደ ደህና መቁጠሪያ ሰበብ አይሁን። ከ90 በታች ኦክስጅን ይጀመራል። ከ90 እስከ 93 ባለው መሃል ትንፋሹን፣ ምቱንና ንቃቱን አይታችሁ ወስኑ። በሾክ (ደም ለአካላት በበቂ በማይደርስበት ሁኔታ) ላለ ሰውና ለነፍሰ ጡር ዒላማው 94 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሳንባ መጥበብ በሽታ ላለበት ደግሞ ከ88 እስከ 92።

ጣቱ ሞቃት ይሁን፣ አይንቀሳቀስ፣ ቁጥሩም እስኪረጋ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ማሽኑ የሚያሳየው የምት ቁጥር እናንተ ከቆጠራችሁት ጋር ካልተስማማ የኦክስጅኑንም ቁጥር አትመኑት። ጥቁር የጥፍር ቀለም፣ የጠቆረ ሂና ወይም እንሶስላ ያለበት ጣት ብርሃኑን ሊጋርድ ይችላል፤ ያልተቀባ ጣት፣ የእግር ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ተጠቀሙ። ሙሽራ ከሆነች ሂናዋን አስለቅቁ ማለት ደግ አይደለም፤ ጆሮ አለ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ የከሰል ጭስ። በዝናብ ወቅት በር ዘግቶ ምድጃ ያቀጣጠለ ቤተሰብ ራሱን ስቶ ሲመጣ ኦክሲሜትሩ 97 ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። እዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ታሪኩን እመኑ፤ ኦክስጅን በከፍተኛ መጠን ይጀመር።

ደም ግፊት

አቀማመጡ ግማሹ ሥራ ነው። 5 ደቂቃ ዕረፍት፤ ጀርባ የተደገፈ፣ እግር ያልተጠላለፈና መሬት የረገጠ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ፣ አፍ የተዘጋ። ክንዱ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ግፊቱ በ7 ወይም በ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ከፍ ካለ ደግሞ በዚያው ልክ ዝቅ። እያወራ የተለካ ሰው 10 ሊጨምር ይችላል፤ ሽንቱን የቋጠረም እንዲሁ። ሦስቱ ተደምረው ጤነኛውን ታማሚ ያደርጉታል።

ካፉ በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለል ራሱ ክንድን እንደ ገመድ ያስራል፤ ልብሱ ካልሰፋ አንዱ ክንድ ይውጣ። ለዚህ መጋረጃ ያስፈልጋል፣ ለምትሸፈን እናት ደግሞ የምትለካት ሴት ነርስ ብትሆን ይመረጣል። በካፉ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ርዝመቱ ከክንዱ ዙሪያ 80 በመቶ፣ ስፋቱ 40 በመቶ ሊሸፍን ይገባል። የክንድ ዙሪያ ከ27 እስከ 34 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መካከለኛው፣ ከ35 እስከ 44 ለሆነ ትልቁ ካፍ ነው። ጠባብ ካፍ ግፊትን ከፍ አድርጎ፣ ሰፊ ካፍ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በየክፍሉ ያለው አንድ መጠን ብቻ ከሆነ ቢያንስ የትኛው እንደሆነ እወቁና ወፍራም ክንድ ላይ የተገኘውን 150 በጥርጣሬ እዩት።

የካፉ የታች ጠርዝ ከክርን እጥፋት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አሁን ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ ይመጣል፤ በጣት መለካት። የአንጓውን ምት እየዳሰሳችሁ ንፉ፤ የጠፋበትን ቁጥር ያዙ። አስተንፍሱ፣ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ስቴቶስኮፑን ክርን እጥፋት ላይ፣ በውስጠኛው በኩል ምቱ በሚዳሰስበት፣ ከካፉ ሥር ሳታስገቡ አሳርፉ፣ ከያዛችሁት ቁጥር 20 እስከ 30 አልፋችሁ ንፉ። በሰከንድ ከ2 እስከ 3 እያወረዳችሁ ስሙ። የመጀመሪያው ተከታታይ ድምፅ የላይኛው ነው፤ ድምፁ ፈጽሞ የጠፋበት የታችኛው። እነዚህን ድምፆች እ.ኤ.አ. በ1905 የገለጻቸው ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ነው፤ ዘዴው እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በጣት መለካት ለምን? በአንዳንድ የደም ግፊት ታማሚዎች ድምፁ 190 ላይ ይጀምርና 170 ላይ ይጠፋል፣ 150 ላይ ይመለሳል። በግምት 165 ድረስ ብቻ የነፋ ሰው የሚሰማው 150ን ነው፤ 40 ነጥብ ጠፋ ማለት ነው።

ሜትሩ የተከፋፈለው በ2 በ2 ነው፤ ስለዚህ በጆሮ የተለካ 125 ወይም 83 አይኖርም። ሁሉም ነገር 120/80 እና 130/90 የሆነበት መዝገብም ሌላ ጉድ ነው፤ ጆሮ ሳይሆን ልማድ የጻፈው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሰው ሁለቱንም ክንድ ለኩና ከዚያ በኋላ ከፍ ባለው ቀጥሉ። ደግሞ ለመለካት 1 ወይም 2 ደቂቃ ጠብቁ። ግሉኮስ የተሰካበት፣ ለኩላሊት እጥበት ቧንቧ የተሠራበት ወይም በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የብብት ዕጢ የወጣበት ክንድ አይለካበትም።

ራሱ የሚነፋው የደም ግፊት ማሽን ምቱ ለተዛባ፣ ለሚንቀጠቀጥና በሾክ ላለ ሰው አይታመንም። ምቱ ለተዛባ ሰው በጆሮ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በሾክ ድምፁ አልሰማ ካለ በጣት ብቻ ለኩና «80 በመዳሰስ» ብላችሁ ጻፉ፤ የታችኛውን ከምናብ አትፍጠሩ።

በሁለት የተለያዩ ቀናት 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት ሕመም አለበት። 180/120 ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው፦ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መጋረድ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ ግራ መጋባት አለ? አንዱ ካለ ድንገተኛ ነው። ምንም ከሌለ ለ15 ደቂቃ አሳርፋችሁ ደግማችሁ ለኩ፣ ለሐኪም ንገሩ፣ በችኮላ ግን ግፊቱን አታውርዱ። ከ20 ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር 140/90 ካሳየች ሽንቷ ለፕሮቲን ይታይ፤ 160/110 ከሆነች በዚያው ሰዓት ትታከም።

የማዞር ስሜት ላለው፣ ለሚያስቀምጠው፣ በጾም ቀን ወደ ማታ ለተዝለፈለፈ ሰው ተጋድሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ፈሳሽ ጎድሎታል፣ ወይም መድኃኒቱ በዝቶበታል። ሲቆም አጠገቡ ቁሙ።

ቁጥሮቹን አንድ ላይ ማንበብ

አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በለንደን የሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ፊዚሺያንስ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው ኒውስ 2 የተባለ የነጥብ አሰጣጥ ትንፋሽን፣ ኦክስጅንን፣ የላይኛ ግፊትን፣ ምትን፣ ንቃትንና ሙቀትን ይደምራል። ምሳሌ እንውሰድ፤ የሳንባ ምች የያዛቸው የ54 ዓመት ሰው፣ ያለ ኦክስጅን ድጋፍ፣ ንቁ ናቸው።

ጠዋት 3 ሰዓት፦ ትንፋሽ 18፣ ኦክስጅን 95፣ ግፊት 124/76፣ ምት 84፣ ሙቀት 37.4። ነጥቡ 1 ነው፤ እሱም ከኦክስጅኑ የመጣ ነው፣ ጅማ ላይ ብዙም አያሳስብም።

ቀን 7 ሰዓት፦ ትንፋሽ 22 (2 ነጥብ)፣ ኦክስጅን 94 (1)፣ ግፊት 112/70 (0)፣ ምት 98 (1)፣ ሙቀት 38.3 (1)። ድምሩ 5።

ከሰዓት 11 ሰዓት፦ ትንፋሽ 26 (3)፣ ኦክስጅን 92 (2)፣ ግፊት 104/62 (1)፣ ምት 116 (2)፣ ሙቀት 38.9 (1)። ድምሩ 9።

የ7 ሰዓቱን ደግማችሁ እዩት። ግፊቱ መደበኛ፣ ምቱ ከ100 በታች፣ ትንፋሹ «ትንሽ ከፍ» ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ የሚያስሮጥ የለም። ድምሩ ግን 5 ስለሆነ ሐኪም በአስቸኳይ ያያቸዋል፣ በየሰዓቱም ይለካሉ። አሁን ትንፋሹ ሳይቆጠር 20 ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ድምሩ 3 ይሆን ነበር፤ የሚቀጥለው ልኬትም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሊቆይ ይችል ነበር። በአንዲት ሰነፍ ቁጥር ምክንያት ሕክምናው ለሰዓታት ዘገየ ማለት ነው።

ምትን ለላይኛ ግፊት አካፍሉ፦ ጠዋት 84 ለ124 ሲካፈል 0.68፣ ቀን 0.88፣ በ11 ሰዓት 1.12። ጤነኛ ሰው ከ0.5 እስከ 0.7 ነው። ከ0.9 በላይ ሲሆን ግፊቱ ገና «ደህና» ቢመስልም ሰውየው ወደ ሾክ እየተንደረደረ ነው። አማካይ ግፊትም ይሰላል፦ የታችኛውን በ2 አባዝታችሁ የላይኛውን ደምራችሁ ለ3 አካፍሉ። 78/48 ሲሰላ 58 ይመጣል፤ ከ65 በታች ስለሆነ ኩላሊትና አንጎል ደም እየተራቡ ነው።

የተለመደ 170 የነበረ የደም ግፊት ታማሚ ወደ 110 ቢወርድ 110 መደበኛ አይደለም። የትናንቱን ሳታዩ የዛሬውን አትተርጉሙ።

በየስንት ጊዜው?

የተረጋጋ ታካሚ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ከቀዶ ሕክምና የወጣ የመጀመሪያው 1 ሰዓት በየ15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 2 ሰዓት በየ30 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሰዓቱ። ደም ሲሰጥ ከመጀመሩ በፊት፣ በ15ኛው ደቂቃ፣ ከዚያ በየሰዓቱና ሲያልቅ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቡ አትራቁ። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በብርቱ ሊያንቀጠቅጥ፣ ሙቀቱን ሊሰቅል፣ ከዚያ ግፊቱን ሊጥል ይችላል። መድኃኒቱን ሰጥቶ መሄድ አይቻልም፤ መስመር ተከፍቶ፣ ፈሳሽ ተዘጋጅቶ፣ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ይለካል።

መጻፍና መንገር

ልኬቱን አልጋው አጠገብ ጻፉ፤ እጅ ላይ ወይም ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ በኋላ የሚገለበጥ ቁጥር አልጋ ይቀይራል። ከቁጥሩ ጋር የት፣ በምን ሁኔታ እንደተለካ ይግባ፦ ብብት፣ ቀኝ ክንድ፣ ተቀምጦ፣ በ3 ሊትር ኦክስጅን።

ሐኪም ስትጠሩ «ታካሚው ደክሟል» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ 6 ቁጥር አልጋ ያሉት የሳንባ ምች ታካሚ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትንፋሻቸው 18 ነበር፣ አሁን 22 ነው፤ በሙሉ ደቂቃ ቆጥሬዋለሁ። ምት 98፣ ግፊት 112/70፣ ሙቀት 38.3፣ ኦክስጅን 94 ያለ ድጋፍ። ድምሩ 5 ነው። መጥተው ይዩልኝ፤ እስኪመጡ ኦክስጅን ልጀምር?» የጠራችሁበትን ሰዓትና የተሰጣችሁን ትእዛዝ መዝግቡ። በ15 ደቂቃ ምላሽ ካልመጣ ወደ ሲኒየር ደውሉ።

ሰዓት ስትጽፉ «8፡00» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። አንዱ በአገር አቆጣጠር፣ ሌላው በውጭው ሲያነበው የ6 ሰዓት ልዩነት ይመጣል፤ ሌሊት 8 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት ጠዋት 2 ሰዓት የተሰጠ ይመስልና ታካሚው ሁለተኛ መጠን ሊዘለልበት ወይም ሊደገምበት ይችላል። «ሌሊት 8፡00 በአገር ሰዓት» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ።